የሠፈራችን ኩንግ ፉ ቤት፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ መቆም ብቻ ትምህርት ነው?

ጥያቄ፦ ሒሳብ ሠራተኛው (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 46 ነው። ሥራዬ የሒሳብ ሥራ በመሆኑ ቀኑን የማሳልፈው ተቀምጬ ሲሆን፣ ወገቤ መያዝ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ የደም ግፊት ተገኝቶብኝ በየቀኑ አንድ ኪኒን እወስዳለሁ። ሐኪሜ እንቅስቃሴ እንዳደርግ ሲመክረኝ ሩጫውን ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ጂም ቤቱን ደግሞ የሙዚቃው ጩኸት አስጠላኝ። ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ በሚያስኬድ አዳራሽ በር ላይ «ባህላዊ የቻይና ኩንግ ፉና ቺጎንግ» የሚል ማስታወቂያ ያየሁት በዚህ መሀል ነው፤ የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩና የሁለታችንንም የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ከፍዬ ተመዘገብን። (ልጁ ሰበብ መሆኑን አልደብቅም። ሳንቲም እያጠራቀምን ቪዲዮ ቤት ገብተን ብሩስ ሊን እያየን ያደግን ሰዎች፣ ያ ነገር ከውስጣችን ጨርሶ አልወጣም።)

ልጄ ከእኩዮቹ ጋር መራገጥና መንከባለል ጀምሯል። እኛ አዋቂዎቹ ግን ይኸው ሦስት ሳምንታችን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተሰልፈን፣ እግራችንን ከፍተን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ «ማ ቡ» በሚሉት የፈረስ አቋቋም ጭናችን እስኪንቀጠቀጥ እንቆማለን። ከዚያም ቺጎንግ (ትንፋሽንና ዝግ ያለ እንቅስቃሴን የሚያጣምር ልምምድ) ነው ይባልና፣ እንስራ ያቀፍን ይመስል ክንዳችንን ከፊታችን አክብበን እንደገና እንቆማለን። አሠልጣኙ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ሆነው አልፎ አልፎ «ዝቅ በሉ!» ይሉናል። እስከ ዛሬ አንድ ቡጢ እንኳ አላየሁም።

ይህን እንኳ ታግሼ ነበር፤ ባለፈው ዓርብ የሰማሁት ግን አሳሰበኝ። ስለ ደም ግፊቴ ሳነሣባቸው «ቺው መፍሰስ ከጀመረ በሦስት ወር ውስጥ ኪኒኑን ይተዉታል» አሉኝ (ቺ የሚሉት በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለውን የሕይወት ኃይል ነው)፤ ለብቻ በሚከፈል ክፍያም ሰውነቴን ሳይነኩ በመዳፋቸው ቺ እየላኩ ሊያክሙኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ። እናቴም ይህን ስትሰማ «ቺ የሚሉት መንፈስ ነው፤ ልጁንም ይዘህ ውጣ» ብላ ሰግታለች።

እንግዲህ ለምታውቁት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ያህል ጊዜ መቆም በእርግጥ የትምህርቱ ወግ ነው ወይስ የሚያስተምረው የሌለው ሰው ጊዜ መግፊያ? ቺጎንግና ኩንግ ፉስ አንድ ናቸው? የእናቴንስ ሥጋት እንዴት ልመልስ?


መልስ፦ ከዠንግዦው የተመለሰው

ወንድሜ፣ መቆሙ አያስደንግጥዎ። በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር ዠንግዦው ከተማ ለአራት ዓመታት ምህንድስና ስማር፣ ጠዋት ጠዋት መናፈሻ ውስጥ ከአንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ዘንድ የቸን ቤተሰብ ታይቺ (በዝግታ የሚሠራ የቻይና የፍልሚያ ጥበብ) እማር ነበር፤ በመጀመሪያው ወር ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር መቆም ነው። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ከኋላዬ መጡና ሁለት ጣታቸውን ወገቤ ላይ፣ ልክ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አሳርፈው «ሶንግ» አሉኝ። ቃሉ መልቀቅ፣ ማላላት ማለት ነው። እኔም ሁሉን ነገር ስለቅ ጉልበቴ ከዳኝና ቁጭ ልል ምንም አልቀረኝ፤ ሳቁብኝ። ሶንግ መዝለፍለፍ አለመሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ምስማር ላይ የተሰቀለ ነጠላ ያስቡ፤ ከላይ ተይዟል፣ ከታች ተለቋል። ወገቡ በዚህ ዓይነት ሲለቀቅ ከእግር የሚነሣው ኃይል መሀል መንገድ ላይ ሳይሰበር ትከሻና እጅ ድረስ ይዘልቃል፤ መቆሙ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

እኔን ያልጣመኝ ወንበሩ ነው። የኔ መምህር በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ ተመላልሰው ጉልበቴን፣ አገጬን፣ ትከሻዬን ያቃኑ ነበር። ቆሞ የማያርመው ሰው ያጣ ተማሪ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከቆመ ሰው በምንም አይለይም። ስለዚህ ስንት ሳምንት እንደ ቆሙ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ታረሙ ይቁጠሩ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ «ኩንግ ፉ» የሚለው ቃል በቻይንኛ በጊዜና በልፋት የተገኘ ሙያ ማለት በመሆኑ ለወጥ ቤት ሠራተኛም ይነገራል፤ የፍልሚያው ጥበብ ትክክለኛ መጠሪያ ዉሹ ነው። በዚህ ስም ሥር እጅግ የተለያዩ ትምህርቶች አሉ። ታይቺን ብቻ ብንወስድ፣ ሥሩ ከዠንግዦው ቢጫ ወንዝን ተሻግሮ በዌን አውራጃ የሚገኘው የቸን መንደር ሲሆን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቸን ዋንግቲንግ እንደ ጀመረው ይነገራል። ከዚያ መንደር ተምሮ በቤጂንግ ያስፋፋው ያንግ ሉቻን (1799–1872 እ.ኤ.አ.) የልጅ ልጆቹ ያለሰለሱትን የያንግ ስልት መሠረተ፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን የያንግን ስልት አሳጥሮ ሕዝብ በቀላሉ የሚማረውን ባለ 24 እንቅስቃሴ አወጣ። የሻኦሊን ቡጢና በደቡብ ቻይና የተስፋፋው ዊንግ ቹን ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። አሠልጣኝዎን «የሚያስተምሩን የትኛውን ነው? ከማን ተማሩት?» ብለው ይጠይቋቸው። «ሁሉንም» የሚል መልስ ካገኙ ጫማዎን ይፈልጉ።

ስለ ቀበቶም ልጨምር። ባለቀለም ቀበቶ ከጃፓን ጁዶ የመጣ እንጂ የጥንቱ የቻይና ትምህርት አካል አልነበረም፤ ቻይና ራሷ ባለ ዘጠኝ እርከን የደረጃ ሥርዓት ያወጣችው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ልጅዎን በየሁለት ወሩ የቀበቶ ፈተና ክፍያ ከጠየቁት ያ ንግድ ነው። ይልቅስ «ቱይ ሾው» እንዲያሳዩዎ ይለምኗቸው፤ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው አንዱ የሌላውን ሚዛን የሚፈትንበት ልምምድ ነው። የታይቺ መምህር በዚህ አይደበቅም። ተማሪው ሳይነካ የሚወድቅ ከሆነ ግን መምህሩ ኃያል ስለሆነ ሳይሆን ተማሪው መውደቅን ስለ ተማረ ነው።


መልስ፦ ረዳት አሠልጣኝ (ሐዋሳ)

ከዠንግዦው የተመለሱት ወንድማችን ያሉት አብዛኛው ትክክል ቢሆንም፣ «ጫማዎን ይፈልጉ» በሚለው አልስማማም። እኛ አገር ውስጥ የምናስተምር ሰዎች አንድ መንደር ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ሥር ተቀምጠን ለመማር ዕድሉ አልነበረንም። እኔ በቴኳንዶ ጀመርኩ፤ ከዚያ አንድ ቻይናዊ የመንገድ ሥራ ባለሙያ በትርፍ ሰዓቱ የሻኦሊን መሠረታዊ ቡጢ አሳየኝ፤ ታይቺውን በአጭር ሥልጠና ጨመርኩበት። ሦስቱንም አስተምራለሁ፤ የቱን ከየት እንዳገኘሁት ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ነውሩ ሁለት ሦስት ዓይነት ማስተማሩ ሳይሆን ምንጩን መሸሸጉ ነው።

የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያውንም በማጭበርበር ዓይን ብቻ አይዩት። ተመዝጋቢው ፊልም አይቶ ይመጣል፣ ጭኑ ሲቃጠል በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል፤ የአዳራሹ ኪራይ ግን ማንም ቀረ ብሎ አይቀርም። ስለ ኪኒኑና በመዳፍ ስለሚላከው ቺ ግን የምከራከርላቸው ነገር የለኝም።


መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስቷ

እኔ ስለ ኩንግ ፉ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ከዚህ ትምህርት ወጥተው እኔ ዘንድ ስለሚመጡ ጉልበቶች ግን ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ በግልጽ ልናገር፦ የደም ግፊት መድኃኒትዎን በምንም ዓይነት በአሠልጣኝ ቃል እንዳያቆሙ። ግፊቱ በእንቅስቃሴ ሊሻሻል ይችላል፤ ተሻሽሎ ከተገኘም መጠኑን የሚቀንሰው ወይም የሚያቆመው በተደጋጋሚ ለክቶ ያየ ሐኪምዎ ነው። ለሐኪምዎም ምን ዓይነት ልምምድ እንደ ጀመሩ ይንገሩት።

ሁለተኛ፣ «ዝቅ በሉ!» የሚለው ትእዛዝ ለእርስዎ አይሆንም። ጡንቻ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ ሲወጠር ግፊት በዚያው ሰዓት ከፍ ይላል፤ ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ትንፋሹን ካፈነ ደግሞ ይብሳል። ቀላል መለኪያ ልስጥዎ፦ ቆመው ሳለ ከአጠገብዎ ካለው ሰው ጋር ያለ ችግር ማውራት ካልቻሉ ወይ በጣም ዝቅ ብለዋል ወይ በጣም ቆይተዋል። ከፍ ብለው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቁሙ፣ ተራመድ ተራመድ ይበሉ፣ ይድገሙ። ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ሳይዞር ከእግርዎ ሁለተኛ ጣት ጋር በአንድ መስመር ይዋል። አብዛኛው ሰው ዝቅ ሲል ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባበታል፤ ሕመሙም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማዎ የዕለቱ ልምምድ አበቃ፤ ወደ ሕክምና ነው።

ይህን ስል ትምህርቱን ለማጣጣል አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ኦሪገን 195 የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴንና ሚዛንን የሚያውክ የነርቭ በሽታ) ሕሙማንን በሦስት ቡድን ከፍሎ፣ አንዱን ታይቺ፣ ሌላውን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስተኛውን የሰውነት ማሳሳቢያ (ስትሬቺንግ) በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ24 ሳምንት አሠርቷል። በሚዛን አጠባበቅ የታይቺው ቡድን ሁለቱንም በልጧል፤ በመውደቅ ብዛት ግን ከማሳሳቢያው ቡድን እንጂ ከጡንቻ ማጠንከሪያው ቡድን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ይህን ልዩነት ያነሣሁት፣ ጥቅሙ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ተአምር ተደርጎ ሲወራ ስለሚያናድደኝ ነው። ዘገምተኛ ልምምድ ነው፤ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ማዛወርን ያስተምራል፤ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።


መልስ፦ የታሪክ መምህሩ

ስለ ቺጎንግና ስለ እናትዎ ሥጋት ልመልስ፤ እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ።

«የ5,000 ዓመት ጥበብ» ሲባል ይሰማሉ። ትንፋሽንና ዝግ ያለ እንቅስቃሴን አጣምሮ ለጤና ማዋል በቻይና ጥንታዊ መሆኑ አያከራክርም፤ በቻንግሻ ከተማ አጠገብ ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 በተዘጋ መቃብር ውስጥ የተገኘ የሐር ሥዕል 44 ሰዎች ሲንጠራሩ፣ ሲያጎነብሱና እንደ ወፍ ክንዳቸውን ሲዘረጉ ያሳያል። «ቺጎንግ» የሚለው ስም ግን ዛሬ በምንረዳው መልኩ የተስፋፋው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሊዩ ጉዊዠን የሚባል፣ በጨጓራ ቁስለት ይሠቃይ የነበረ የኮሙኒስት ፓርቲ ሠራተኛ በእነዚህ ልምምዶች እንደ ዳነ ተናግሮ በታንግሻንና በቤይዳይሄ ከተሞች የሕክምና ማዕከላት ሲከፈቱ፣ የአዲሱ መንግሥት ሰዎች የቀድሞውን ልማድ ከሃይማኖትና ከጥንቆላ የጸዳ፣ ለሐኪም ቤት የሚመጥን ስም ፈለጉለት። የሚገርመው፣ ስሙ የወጣለት እናትዎ የሚሰጉበትን ነገር ከላዩ ለማራገፍ ነበር።

አልተራገፈም እንጂ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ የቺጎንግ ትኩሳት የተባለው ዘመን ሲመጣ፣ በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ላይ ቺ እንልካለን፣ ካንሰር እናድናለን የሚሉ «ታላላቅ መምህራን» እንደ አሸን ፈሉ፤ አሠልጣኝዎ በመዳፋቸው እልካለሁ የሚሉት ነገር የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። መንግሥት በ1999 እ.ኤ.አ. ፋሉን ጎንግ የተባለውን የቺጎንግና የእምነት ንቅናቄ ካገደ በኋላ ዘርፉን ጠበቅ አድርጎ ያዘው፤ በ2003ም የስፖርት ባለሥልጣኑ አራት ልምምዶችን በወጥ መልክ አሳተመ። ከአራቱ ዛሬ በየአገሩ የሚታወቀው «ባ ዱዋን ጂን»፣ ስምንቱ የጥልፍ ሐሮች፣ ነው፦ ሁለት እጅን ወደ ሰማይ መግፋት፣ በግራና በቀኝ ቀስት መሳብ፣ በመጨረሻም ተረከዝን ሰባት ጊዜ አንሥቶ መጣል። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ለእርስዎ ከእንስራው ማቀፍ ይልቅ መጀመሪያ ይህ ይሻል ነበር።

«ቺ» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ቻይንኛ አየር፣ ትንፋሽ፣ እንፋሎት ማለት ነው፤ የአየር ጠባይም የሰው ንዴትም በዚሁ ቃል ይነገራል። በጥንቱ ፍልስፍናና ሕክምና ደግሞ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል ተብሎ ይታመናል። አንድ ሰው ሁለተኛውን ትርጉም ሳያምን ትንፋሹን ማስተካከል ይችላል። እኔ ስጀምር የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ ስሙን ትተው አሠራሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንድነግራቸው አደረጉኝ። ከዚያ «የሚጠራ ስም አለ? የሚሰገድለት ነገር አለ?» ብለው ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ። አንድ እጅን ጨብጦ በሌላው መዳፍ መሸፈን ተራ ሰላምታ መሆኑን፣ ከግድግዳው ፎቶግራፍ ፊት ዕጣን በሚታጨስበት ሰዓት ግን እኔ ውጭ እንደምቆይ ነገርኋቸው፤ በዚያው ቀጠልሁ። በሌላ ቤተ እምነት ያለ ሰው መልሱ ሊለይበት ይችላል። እናትዎን አንድ ቀን ይዘዋቸው ሄደው አግዳሚው ላይ ቢያስቀምጧቸው፣ ከማብራሪያ ሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ።


መልስ፦ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት

ስለ ልጁ ብቻ ልበል። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለው ይመልከቱ፤ ጎበዙን ልጅ ሳይሆን ከሁሉ የሚዘገየውን ይከታተሉ። አሠልጣኙ ያንን ልጅ እንዴት እንደሚይዘው ካዩ ሌላ የሚጠይቁት ነገር አይኖርም። የኔ ትልቁ «ዉ ቡ ቹዋን» የሚባለውን ባለ አምስት አቋቋም የጀማሪ ቡጢ ለመጨረስ አራት ወር ፈጀበት፤ ከዚያ በፊት የተማረው ሳይጎዱ መውደቅ ነበር፤ ከብስክሌት ሲወድቅ ያዳነውም እሱ ነው። ሌላው፣ እቤት ታናሹ ላይ እንዳይሞክር ከመጀመሪያው ቀን ይስማሙ። እኛ ዘግይተን ነው የተስማማነው።


ሒሳብ ሠራተኛው (ከአሥር ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደ ሙያዬ ቆጠርሁ፦ በሦስት ክፍለ ጊዜ ውስጥ አሠልጣኙ ያረሙኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ስልክ ሲያናግሩ ቆይተው ሲመለሱ። ያልጠበቅሁት ግን ከኋላችን የሚቆም፣ ስድስት ዓመት የተማረ ጸጥ ያለ ወጣት መኖሩ ነው። ጥያቄ ሲበዛብኝ አይቶ ረቡዕ ዕለት ወደ ኋላ ቀረልኝና ክንዱን ክንዴ ላይ አሳርፎ ቱይ ሾውን አሳየኝ። ሳይገፋኝ ራሴን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ አገኘሁት፤ ነካኝ ለማለት እንኳ ይከብዳል። ከዚያ ቀኝ ጉልበቴን በጣቱ ወደ ውጭ መለሰልኝ፤ ልክ ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳሉት ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ባ ዱዋን ጂንን ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ ያውቀዋል፤ ከክፍሉ በፊት ሩብ ሰዓት ሊያሳየኝ ተስማምተናል።

አሠልጣኙን ከማን እንደ ተማሩ ስጠይቃቸው የተቀረጸ የምስክር ወረቀት አሳዩኝ፤ ስም ግን አልነገሩኝም። በመዳፍ የሚላከውን ሕክምና እንደማልፈልግ፣ ኪኒኔንም እንደማላቆም ነግሬያቸው ትንሽ ተቀይመውኛል። ገንዘቡ እንደማይመለስ ስላረጋገጡልኝ የከፈልኩበትን ጊዜ ከወጣቱ ጋር እጨርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ አያለሁ። ትናንት ጤና ጣቢያ ተለክቼ 148 በ92 ነው፤ ከቀድሞው ብዙም የራቀ አይደለም።

እናቴ አንድ ዓርብ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየችንና ስንወጣ «ይህን ያህል ሰው ከፍሎ ነው የሚቆመው?» አለችኝ። ስለ መንፈሱ ግን ዳግመኛ አላነሣችም። እኔም በነገው ክፍል አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ነው የምቆመው፤ «ዝቅ በሉ!» ቢባልም።